ክሊኩ ዝም ሲል

ምት የማይጠብቅ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሌላ ምንም ያህል ቢችል ባንዱን ይዞት ይወድቃል። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ለዓመታት እኔ ራሴ እንዲያ ነበርኩ፤ ያውም ሳላውቀው። በሠርግም በምሽት ክበብም ስሠራ ከኋላዬ ሁልጊዜ ደህና ድራመር ይኖራል። እሱ ይዞኝ እየሄደ እኔ የያዝኩት ይመስለኛል። ሰዉ ይጨፍራል፣ ዘፋኙ አያማርርም፣ ታዲያ ምን ብዬ ልጠርጥር?

እውነቱን ያየሁት ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ያየሁት ስል በዓይኔ ማለቴ ነው። ዛሬ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ዘፈን ሲቀረጽ ተጫዋቾቹ አንድ ላይ አይገቡም። አቀናባሪው መነሻውን በኪቦርድ ይሠራል፣ ከዚያ እያንዳንዱ በየተራው ገብቶ በጆሮ ማዳመጫው ምቱን የሚቆጥርለትን ክሊክ እየሰማ የድርሻውን ይጫወታል። አንድ ቀን የእኔ ተራ አልቆ ስወጣ ቀራጩ ስክሪኑን አሳየኝ። ክሊኩ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ከላይ እስከ ታች በተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። የቤዙ ድምፅ ደግሞ እብጥ እብጥ እያለ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ እብጠትም ከመስመሩ በስተግራ ይጀምራል። በስተግራ ማለት ቀድሞ ነው። መግቢያው ላይ በጥቂቱ፣ አዝማቹ ሲቃረብ ግን ማንም በሚያየው መጠን። እየቸኮልኩ ነበር፤ ዘፈኑ በሞቀ ቁጥር ይብስብኛል።

ቀራጩ ክፉ ሰው አልነበረም። «ግድ የለም፣ እናስተካክለዋለን» አለኝና እብጠቶቹን አንድ በአንድ ወደ መስመራቸው ሳባቸው። የተስተካከለውን ስሰማው ደግሞ ሌላ ነገር አስደነገጠኝ። ዘፈኑ ችክችካ ነው፤ አሁን አንድም ስህተት የለበትም፣ ግን ትከሻ አያነቃንቅም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ክሊኩን ብቻውን የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖምን፣ የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። መሣሪያው የቆየ ነው። ዲትሪሽ ቪንክል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1814 አምስተርዳም ውስጥ የሠራውን ሐሳብ ዮሐን ሜልዜል ወስዶ በቀጣዩ ዓመት በራሱ ስም አስመዘገበው፤ ቤትሆቨንም ብዙ ሳይቆይ ሥራዎቹ ላይ የሜትሮኖም ቁጥር መጻፍ ጀመረ። የተለመደው የእንጨት ሜትሮኖም በደቂቃ ከ40 እስከ 208 ጊዜ ይመታል። የእኔው ስልኬ ላይ የጫንኩት ነው፣ በነፃ የሚገኝ፣ ከዚያም በታች የሚወርድ። ይህ መውረዱ በኋላ በጣም ጠቀመኝ።

መጀመሪያ ላይ ግን በሚገባ አልተጠቀምኩበትም። ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ በየምቱ እንዲመታልኝ አዝዤ፣ ከሥሩ ሳልጠፋ እጫወታለሁ። ከክሊኩ ጋር ስሆን ልክ ነኝ፤ ሳጠፋው እዚያው ነኝ። ግድግዳ ይዞ እንደሚሄድ ሕፃን ነበርኩ። ይህን ለአንድ በዕድሜ ለሚበልጠኝ ድራመር አዋየሁት። ትንሽ አስጫወተኝና፣ «አየህ የኔ ልጅ፣ አንተ እየተከተልከው ነው» አለኝ። «እስቲ ቀንስለት። እሱ ዝም ሲል ማን እንደሚቆጥር እንይ።»

«ጋሼ፣ ምን ያህል ልቀንስ?»

«እስክትጠፋ ድረስ!»

እንዳለኝ አደረግሁ። ችክችካን ስድስት ትንንሽ ምቶች፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ትልልቅ ምቶች የሚሄዱበት አድርገን እንውሰደው። ትልቁ ምት በደቂቃ 120 ከሆነ አንዱ ዙር ልክ 1 ሰከንድ ይፈጃል። ሜትሮኖሙን 120 ላይ ሳደርገው ሁለቱንም ትልልቅ ምቶች ይነግረኛል። 60 ላይ ሳወርደው በየዙሩ መጀመሪያ አንዴ ብቻ ይመታል። 30 ላይ ደግሞ በሁለት ዙር አንዴ። እንግዲህ በአንዱ ክሊክና በሚቀጥለው መካከል 2 ሰከንድ፣ 12 ትንንሽ ምቶች አሉ፤ የሚሸከማቸው ተጫዋቹ ብቻ ነው።

30 ላይ ስሞክረው ክሊኩ ሲመጣ እኔ ደርሼ አልፌዋለሁ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ደጋግሜ ቀደምኩ። መዝግቤ ሳዳምጥ ነው ምክንያቱን ያገኘሁት፦ ረጅሙን ኖታ እስከ መጨረሻው አልይዘውም። ጣቴ ክሩን ቶሎ ይለቀዋል፣ የተፈጠረው ዝምታ ያስፈራኛል፣ ቀኝ እጄም የሚቀጥለውን ቀድሞ ይመታል። ችግሩ ኖታው በሚጀምርበት ቦታ ነው ብዬ ስፈልገው የነበረው በሚያልቅበት ቦታ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ የሠራሁት አንድ ነገር ነው፤ ኖታን እስከ ጫፉ መያዝ፣ ዝምታንም እንደ ኖታ ቆጥሮ እስከ ጫፉ መጠበቅ። አሰልቺ ነው። ግን ከጣት ፍጥነት ልምምድ ሁሉ የበለጠ እኔን የለወጠኝ ይህ ነው።

መቅደም የእኔ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ ማወቄም አጽናንቶኛል። ሰዎች ከሜትሮኖም ጋር ጣታቸውን እንዲመቱ እየተደረገ የተሠሩ ጥናቶች፣ አብዛኛው ሰው ሳይታወቀው ከድምፁ በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም በአሥሮች በሚቆጠሩ፣ እንደሚቀድም ያሳያሉ። ሙዚቀኞች ላይ ልዩነቱ ያንሳል።

አሁን ወደዚያ ትከሻ የማያነቃንቅ ዘፈን። ኮምፒውተሩ ስድስቱን ትንንሽ ምቶች እኩል እኩል አድርጎ ነበር የከፈላቸው። ደህና የችክችካ ድራመር እጅ ላይ ግን እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረዘም ይላል፣ ተከታዩ ያጥራል፣ የሚወዘውዘንም ያ ነው። ቀራጩ ጥድፊያዬን ሲያጠፋ ውዝዋዜውንም አብሮ አጠፋው። ስለዚህ ሜትሮኖም የሚዳኘኝ ትልቁ ምት ላይ ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ። በመካከል ያለውን የምማረው ከሰው ነው፦ ከበሮ ከሚመቱ እናቶች፣ ከድሮ ሸክላዎች። በ1977 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የዋሊያስ ባንድን «ቸ በለው» ሸክላ ስሰማ፣ ቤዙና የተማረ ሐረጉ ድራም እንዴት አንዱ ለሌላው ቦታ እንደሚለቅ ብቻ እየተከታተልኩ የማመሽበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው መተሳሰብ ከማንም ክሊክ አይገኝም። ያን መስማት የቻልኩት ግን 30 ላይ መቆም ከለመድኩ በኋላ ነው፤ በፊትማ ጆሮዬ በራሱ ጥድፊያ የተሞላ ነበር።

ሰሞኑን የምለማመደው ቀርፋፋ ትዝታ ነው። እዚያ ደግሞ ችግሬ ተገልብጧል፤ ከአዝማቹ ወደ ግጥሙ ስመለስ እጎተታለሁ። ዘፋኙ ድምፁን ሲያለሳልስ እጄ አብሮት ይላላል፣ ክሊኩም እኔን ሳይጠብቅ ያልፋል። ትናንት ማታ ያችን መሸጋገሪያ ብቻ ቆርጬ ስደጋግማት አመሸሁ፤ ዛሬም ከእሷው እጀምራለሁ።