ፍም የማይፈራ እጅ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሰው ሰላም ሲልህ የምታየው ፊቱን ነው እንጂ እጁን አይደለም። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ፊት ደኅና ሳይሆን ደኅና ነኝ ለማለት ይችላል፤ እጅ ግን ይኽን ጥበብ አልተማረም። ይኽንን ያወቅሁት እጅግ ዘግይቼ ነውና የዘገየሁበትን ምክንያት ልንገርህ።

በ1985 ዓ.ም. በአምቦ ከተማ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ ክረምቱን የማሳልፈው ከእናቴ ወንድም ዘንድ ሐሮ ወንጪ ነበር። ሐሮ ማለት በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል፥ አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚል የጥንት እሳተ ገሞራ አለ፤ ሐይቁ በዚያ ተራራ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል፤ በመካከሉም የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት ይታያል። የአገሩ ብርድ ኃይለኛ ስለ ሆነ፥ ማታ ማታ ቤተ ሰቡ ሁሉ በምድጃው ዙሪያ ይሰበሰባል።

ታዲያ ቡናው ሲፈላ አጎቴ ከምድጃው የቀላ ፍም በባዶ ጣታቸው አንሥተው፥ ሳይቸኩሉ በዕጣን ማጨሻው ላይ ያኖሩት ነበር። እኛ ልጆቹ እንደነቃለን። «ኤሱማ፥ አያቃጥልዎትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «የወንድ እጅ እሳት አይፈራም፥ ልጄ» ብለው ይስቃሉ። ኤሱማ ማለት የእናት ወንድም ነው። እኔም መስከረም ሲጠባ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሼ በዚህ እጅ በጓደኞቼ ፊት ስኮራ ከረምሁ።

በማግሥቱ ግን ጣቱ ውኃ ይቋጥራል፤ ቁስሉም ሳምንታት ይፈጃል። አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ አጥቦ፥ አሽጎ ሰደዳቸው፤ «ሲቃጠሉ አመመዎት ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። በክሊኒኩ ለመፍረድ አልደፍርም፤ እኔም እያየሁ አልጠየቅሁምና። ቆይቶም የትንሿ ጣታቸው አቅም አነሰ፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሚስታቸው ይቈልፉላቸው ጀመር። መዳፋቸው ላብ አጥቶ እንደ በጋ መሬት ተሰነጠቀ። በክንዳቸውም ላይ ፈዘዝ ያለ ነጣ ያለ ምልክት ወጣ፤ «የብርድ ነው» ተባለ።

በ1988 ዓ.ም. ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ አንዲት ነርስ እጃቸውን ዐይታ ወደ አለርት ላከቻቸው። አለርት በ1958 ዓ.ም. በዘነበወርቅ ሰፈር የተቋቋመ፥ በሥጋ ደዌ ሕክምናና ትምህርት ስሙ የታወቀ ድርጅት ነው። ሐኪሙ ዐይናቸውን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ መዳፋቸውን እየነካ፥ «የተነኩበትን ያሳዩኝ» አላቸው። እርሳቸውም ዐይናቸውን እንደ ጨፈኑ ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር። ጥጡ አምስት ጊዜ ነክቷቸው ነበር።

የዚህን በሽታ ጀርም ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ያገኘው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ነው። ጀርሙ የሚወደው ቆዳንና ጅማትን፥ ይኸውም ስሜት የሚያስተላልፈውን ነርቭ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጣትን በልቶ የሚቈርጠው ደዌው ራሱ አይደለም። ሕመም የሚባለው ዘበኛ ሲሞት፥ ሰውየው ሳያውቀው ይቃጠላል፥ ይቈረጣል፥ ቁስሉም ያመረቅዛል፤ ጣት የሚያልቀው በዚህ ነው። ፖል ብራንድ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ጠጋኝ በሕንድ አገር በቬሎር ሲሠራ ይኽን ነገር አብራርቶ ለዓለም አስረድቷል። እኛ ልጆቹ ጀግንነት ብለን ያጨበጨብንለት የዘበኛው መሞት ነበር።

ሌላም ብዙ ነገር በእጅ ይታያል፤ ሁሉንም አልዘረዝረውም። የጤና ሠራተኞች የሕፃኑን መዳፍ ከራሳቸው መዳፍ ጋር አስተያይተው ደም ማነሱን ይጠረጥራሉ። እንደ ማንኪያ የጐደጐደ ጥፍርም ብዙ ጊዜ የብረት ማዕድን ማነስ ምልክት ነው። ሊዮ ሻምሮት የተባለ የደቡብ አፍሪቃ የልብ ሐኪም ደግሞ ልቡን ታሞ ሳለ የገዛ ጣቱ ጫፍ ሲያብጥ ተመለከተ። አንተም የሁለቱን እጆችህን አመልካች ጣቶች ጥፍር ለጥፍር ግጠማቸው፤ ከጥፍሮቹ ሥር ትንሽ የብርሃን መስኮት ይታይሃል። መስኮቱ ከጠፋ የሳንባ ወይም የልብ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። (አሁን ሞክረኸው እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ እኔም ስጽፍ ሞክሬዋለሁ።) ነገር ግን በብርድ የነጣ መዳፍ ሁሉ ደም ማነስ፥ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ እጅ ጥርጣሬን ይሰጣል፥ ፍርዱ የሐኪም ነው።

አጎቴ መድኃኒቱን ሁለት ዓመት ዋጡ። ዛሬ እንደ በሽታው ዐይነት ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ወር ይበቃዋል፤ ዋጋም አይከፈልበትም። ጀርሙ ሞተ፤ የሞተው ስሜት ግን አልተመለሰም፤ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶችም እንደ ታጠፉ ቀሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢደርሱ ኖሮ ጣቶቹ ይተርፉ ነበር ብሎ ሐኪሙ ነገረን። እኔ ግን በዚያ ሰሞን የባሰ ነገር አደረግሁ። የደዌውን ስም ከሰማሁ በኋላ ሊጨብጡኝ እጃቸውን ሲዘረጉ፥ ደብተር እንደ ያዘ ሰው እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። ሕክምና የጀመረ ሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደማያጋባ፥ በመጨባበጥም እንደማይተላለፍ አላውቅም ነበር። እርሳቸው ዐይተውኛል፤ ነገር ግን ምንም አላሉም።

ቤተ ሰቡ ሁሉ ይመርመር በተባለ ጊዜ ወረፋዬ ደረሰ። ሐኪሙ በክርኔ አጠገብ ያለውን ነርቭ ዳሰሰ፤ ቀጥሎም ዐይኔን አስጨፈነኝ። ጥጡ ገና ሳይነካኝ መዳፌ በላብ ረጥቦ ነበር። ነካኝ፥ አሳየሁ፤ ነካኝ፥ አሳየሁ። ዐይኔን ስገልጥ አጎቴ ከበሩ አጠገብ ቆመው የእኔን እጅ ያዩ ነበር።

ዛሬ አርጅተዋል። ማታ ማታ እጃቸውን በውኃ ዘፍዝፈው ቅባት ይቀባሉ፤ ጣት በጣትም እያገላበጡ ቁስል ይፈልጋሉ። ጀበናውን በጨርቅ ይይዛሉ፤ ፍሙንም የሚያነሡት በመቈንጠጫ ነው። ባለፈው ክረምት ወንጪ ስደርስ ሁለቱን የታጠፉ ጣቶቻቸውን በሁለት እጄ ያዝሁና ሳምሁ፤ የኔን እጅ ሙቀት አልተሰማቸውም፥ ስስማቸው ግን ዐይተው ሣቁ።