በረዶውና የልጅ ልጄ ዓሣ

ዓሦቹ ወደ ቤቴ ሲመጡ ሁለት ነበሩ። ወርቃማ ዓሣ የሚሏቸው፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰሉ። አጎቷ ከአዲስ አበባ በፌስታል ውሃ ይዞላት ሲመጣ የልጅ ልጄ 7 ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት እንጅባራ፣ እናቷ ቤት፣ ያለ ምንም ችግር ኖሩ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች፣ በበጋም ቢሆን ማታ ማታ ጋቢ የምታስለብስ ከተማ ናት። ዓሦቹን ማን ያቀዘቅዛቸዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ አገሩ ራሱ ያቀዘቅዛቸው ነበር። እናትየዋ ለሥራ ሌላ ከተማ ስትዛወር ግን ልጅቷም ዓሦቹም ዳንግላ እኔ ዘንድ መጡ። ወሩ መጋቢት ነበር።

ዳንግላ ከእንጅባራ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቷም ለየት ይላል። የእኔ ቤት ደግሞ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክዳን ነው። ለዓይን ደስ እንዲል ብዬ የመስተዋት ገንዳውን መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ጎረቤቴ አይታ “ርቧቸው ነው” አለችና ዳቦ ፈርፍራ ጣለችላቸው። እኔ ግን ዕድሜዬን የሕፃናት ትንፋሽ ስቆጥር የኖርኩ ነኝ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ ካየን የሳንባ ምች ነው ብለን እንጠረጥራለን። የዓሣ ልኩ ስንት እንደሆነ ያስተማረኝ የለም፤ ስንጥባቸው ሲርገበገብ ሳይ ግን ትንፋሽ እንዳጠራቸው ገባኝ።

ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 10 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 30 ዲግሪ ሲደርስ የሚይዘው ከ8 ያንሳል። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነንና አየሩ ስስ ነው፤ ዳንግላ ላይ ከዚያም ከአምስት እጅ አንድ እጁ ያህል ይጎድላል። ዓሣው በበኩሉ ሲሞቀው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ወርቃማ ዓሣ ቻይናዎች ከ1,000 ዓመት በፊት ከካርፕ ወገን ያላመዱት፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚስማማው ፍጡር ነው። የጎረቤቴም ዳቦ ሳይበላ ቀርቶ ሲበሰብስ ያችኑ ኦክስጅን ይሻማል።

ሙቀቱን ልለካ ብዬ ቴርሞሜትሬን አነሳሁ። የሰው ቴርሞሜትር ግን ከ35 ነው የሚጀምረው፤ ለዓሣ አይሆንም። ጡረታ ስወጣ ከዕቃዬ ጋር ተቀላቅሎ የቀረ (መንግሥት ይቅር ይበለኝ) የክትባት ማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር ነበረኝ። እሱን ውሃው ውስጥ ሳስገባው 29 አለ። ደነገጥኩ። ከፍሪጅ ያለውን በረዶ ሁሉ አውጥቼ ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ 17 ሆነ። አንደኛው ዓሣ በጎኑ ተጋደመ። ሲመሽ ሞተ።

ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በአገራችን ስድስቱን የሕፃናት በሽታዎች የሚከላከለው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እኔ አዲስ ነርስ ሆኜ ስመደብ፣ ጤና ጣቢያችን መብራት ስላልነበረው ማቀዝቀዣው በላምባ ነበር የሚሠራው። ክሩን መከርከም፣ ነበልባሉ ቢጫ ሳይሆን ሰማያዊ እንዲሆን መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር። “ክትባት ሙቀት እንዳይነካው” የሚለው ትምህርት ጆሮዬ ላይ ስለቀረ አንድ ቀን ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌው አደርኩ። ጠዋት የመንጋጋ ቆልፉ ክትባት በረዶ ሆኗል። ሲቀልጥ ደህና ይመስል ነበር። አብሮኝ የሚሠራው አሮጌ ድሬሰር ጠርሙሱን ነቅንቆ ጠረጴዛ ላይ አቆመውና እንድጠብቅ አዘዘኝ። ወዲያው እንደ ዱቄት ያለ ነገር ከታች ዘቀጠ። “አንቺ ልጅ፣ ከ2 እስከ 8 ሲባል 8ን ብቻ ነው የሰማሽው?” አለኝ። ክትባቱን ጣልነው። ልጆቻቸውን አዝለው ሩቅ መንገድ የመጡ እናቶችን ለሌላ ቀን ተመለሱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንዷ በተቀጠረችበት ቀን አልመጣችም። ከዚያም በኋላ አላየኋትም።

የልጅ ልጄ ዓሣውን ጓሮ ጌሾው ሥር ቀበረችው። “እምዬ፣ በረዶው ነው የገደለው?” ስትለኝ “በረዶውን የጨመርኩት እኔ ነኝ” አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን መፍትሔ ይዛ መጣች፤ የቀረውን ወስደን ዘንገና ሐይቅ ውስጥ እንልቀቀው፣ እዚያ ቀዝቃዛ ነው አለች። ይህንንስ እምቢ አልኩ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ጣና ላይ የሠራውን እያየን፣ ከሌላ አገር የመጣ ፍጥረት ሐይቃችን ውስጥ የምንጨምረው እኛ አንሆንም።

ገንዳውን ከመስኮቱ አንስተን ጓዳ፣ ጋኑ አጠገብ አስቀመጥነው። መስተዋቱን በእርጥብ ነጠላ ከበብነው፤ እንስራ እያላበ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዘው ሁሉ፣ ጨርቁም ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ክዳኑን በወንፊት ጨርቅ ለወጥነው። ሙቀቱ ሲበረታ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የረጋ በረዶ ከነጠርሙሱ እናስገባለን፤ እሱንም ከፍሪጅ እንደወጣ አይደለም። ድሮ አይስ ፓክ ውስጡ ውሃ ሲንቀጫቀጭ ሳንሰማ ክትባት ሣጥን ውስጥ አናስገባም ነበር፤ አሁንም ጠርሙሱን ነቅንቀን እንሰማለን። በሰዓት ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። መብራት ሲጠፋ አየር የሚሰጠው ሞተር ይቆማል፤ ያን ጊዜ ውሃውን በጭልፋ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈሰዋለን። በሙቀት ቀን ምግብ እንቀንሳለን። የምንተካው የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ተከፍቶ አንድ ቀን ያድራል።

ድሮ ማቀዝቀዣው በር ላይ እንደምንለጥፈው ያለ ሰንጠረዥ ለልጅቷ አሰመርኩላት፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። ጓዳው ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፋዋለች። ትናንት ማታ 21 ጽፋለች፤ ዛሬ ጠዋት 19። እኔ ወጣት ሳለሁ እሑድ እሑድ እዘል ነበር። የእሷን ሰንጠረዥ ደጋግሜ አየሁት፤ የተዘለለ እሑድ የለበትም።