በእናታችን ራስጌ የነበረው ጋዝ



ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ምስጋና ይድረሰውና፣ ዛሬ የምናወጋችሁ በገዛ ቤታችን የደረሰውን ነው። ምናልባት ከእናንተም አንዱን ከጉዳት ያድን እንደሆነ በማሰብ ነው።

የድሬዳዋ ሰው ለሆነ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ምን እንደሚመስል መንገር አያሻም። እናታችን በዕድሜ ከገፉ ወዲህ ሙቀቱ እንቅልፍ ስለ ነሳቸው፣ ያለንን አሰባስበን አንድ ያገለገለ ኤር ኮንዲሽነር ገዝተን በክፍላቸው አስገጠምንላቸው። አልሐምዱሊላህ፣ የሌሊት ሶላታቸውንም በእረፍት ይሰግዱ ጀመር።

በዓመቱ ግን ማቀዝቀዙን አቆመ። አንድ የሰፈራችን ወጣት ጠጋኝ መጣና «ጋዝ ጨርሷል» ብሎ ሞላው። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት የጋዙ ዋጋ ከበደንና «እባክህ ረከስ ያለ ፈልግልን» አልነው። ፈለገልንም። ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ እኛም መረቅነው። ምን እንደ ሞላልን ግን አልጠየቅንም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናታችን «ቡታጋዝ ይሸተኛል» ማለት ጀመሩ። የማብሰያውን ሲሊንደር ከኩሽና አውጥተን ግቢ አስቀመጥነው። ሽታው አልተዋቸውም። እኛም «እርጅና ነው» ብለን ችላ አልነው፤ አላህ ይማረን! እናታችን ደግሞ ሐሙስ ማታ በመጣ ቁጥር በዚያው በሩ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው እጣን ያጨሱ ነበር።

መሣሪያው እንደገና ሲደክም፣ ብዙ ዓመት ጅቡቲ የሠሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ በዘመድ ተጠቁመው መጡ። ገና ከደጃፉ አሸተቱና «እናቴ፣ ያንን ከሰል ያውጡልኝ» አሉ። መስኮቱን አስከፈቱ። ማብሪያ ማጥፊያውን እንዳንነካ ከለከሉንና ኃይሉን ከውጭ፣ ከቆጣሪው ዘንድ አቋረጡ። ክፍሉ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ከአልጋው ራስጌ በላይ ያለውን የመዳብ ቱቦ መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው እየተነፋ ተነሳ። ዳዶው ሥር ተሰንጥቆ ነበር። በመሣሪያው ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ አር-22 ይላል፤ በውስጡ የነበረው ግን የኩሽና ቡታጋዝ ነው።

ሁላችንም ዝም አልን። በየሐሙሱ የነበረውን ከሰል ነበር የምናስበው።

«ጋዙ እንደ መኪና ነዳጅ የሚያልቅ ይመስላችኋል እንዴ?» አሉን አዛውንቱ። «ኤር ኮንዲሽነር ብርድ አይሠራም፤ የቤቱን ሙቀት ተሸክሞ ያወጣል። እንስራ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ አይደለም? በቱቦው ያለውም ፈሳሽ በቤት ውስጥ ሲተን ሙቀት ይጠጣል። ኮምፕረሰሩ ያንን ትነት አምቆ ወደ ውጭው ክፍል ይገፋዋል፤ እዚያ ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆንና ይመለሳል። የእንስራው ውሃ ይጎድላል፤ ይህ ግን በተዘጋ ቱቦ ስለሚዞር ሃያ ዓመት ቢሠራም አይጎድልም። ጎደለ ማለት ቀዳዳ አለ ማለት ነው።»

አር-22 አይነድም፤ ነገር ግን ከእጅ ሲወጣ የኦዞንን ሽፋን ይጎዳል። በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው፤ በማደግ ላይ ያሉ ሀገሮችም ለነባር መሣሪያዎች ጥገና ከሚሆን ጥቂት በቀር እስከ 2030 እንዲያቆሙት ተወስኗል። የዋጋውም መወደድ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አዲሶቹ ብዙዎቹ አር-32 ይጠቀማሉ፤ ይህ በመጠኑ ይነዳል። ፕሮፔን፣ ማለትም አር-290፣ ለእርሱ ተብለው በተሠሩ መሣሪያዎች በጥቂት መጠን ይገባል። ለማይነድ ጋዝ በተሠራ መሣሪያ ቡታጋዝ መሙላት ግን በቤት ውስጥ እሳት መደበቅ ነው። ነገ ሌላ ጠጋኝ በጎኑ ያለውን ጽሑፍ አምኖ የብየዳ እሳት ይዞ ቢመጣስ?

ከአዛውንቱ የተማርነውን እነሆ። የቤት ሰው ኃይሉን አቋርጦ ፊልተሩን በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ በንጹህ ውሃ ማጠብና በጥላ ማድረቅ ይችላል። ቱቦው በረዶ ቢያበጅ ጋዝ ጎደለ ከማለት በፊት ፊልተሩን ይይ፤ አቧራም ያንኑ ያመጣልና። ሽፋኑን መክፈት ግን የባለሙያ ነው፤ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። የሚያመልጥ ፈሳሽ ጋዝ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ በተዘጋ ክፍል ከበዛም አየሩን ገፍቶ ያፍናል።

ባለሙያውን ደግሞ እንጠይቅ። ቀዳዳውን አግኝተህ ደፈንህ? በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ጋዝ በሚዛን ለክተህ ትሞላለህ? ቱቦውን የምትፈትነው በናይትሮጅን ነው? ኦክሲጅን የሚል ከሆነ ይቁም፤ ኦክሲጅን ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥበት ማግኘታቸውን፣ ነጋዴውም የተደበቀውን ከላይ አድርጎ ማሳየት እንደሚገባው ማስተማራቸውን ሁላችንም ሰምተናል። እኛ ግን ክምሩ ውስጥ እጃችንን ማስገባት ፈራን፤ ርካሽ ነገር ፈልገን መጠየቅ ተውን። ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም።

እናታችን ወጣቱን አስጠሩት። አልተቆጡትም። «ልጄ፣ እዚህ ነበር ከሰሌን የማስቀምጠው» ብለው ቦታውን አሳዩት። ልጁ ቀና ማለት አቃተው። በማግስቱ እንደዚያው በሞላላቸው ሁለት ቤቶች ሄዶ እውነቱን ነገራቸው፤ አዛውንቱም አብረውት ሄደው አስተካከሉላቸው። ዛሬ ረዳታቸው ሆኖ ሙያውን በወጉ ይማራል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን አማና የሚጠበቅበት፣ ቤታችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን!