ሐቀኝነት ሁለተኛ ዲግሪ ይፈልጋል?

«ምን እየተማራችሁ ነው?» ተብላችሁ መልሱን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጅቶባችሁ ያውቃል? እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ከጀመርኩ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ሆኗል። መማሬን የሰማ ሁሉ «ጎሽ!» ይለኛል፤ የትምህርቱን ስም ስነግረው ግን ግንባሩን ይቋጥራል። የማጠናው ስለ ድርጅቶች ሕግ አክባሪነትና ሥነ ምግባር ነው፤ በየባንኩና በየትልልቁ ኩባንያ «ኮምፕላያንስ» የሚባለውን ሥራ ማለቴ ነው። ባጭሩ፣ አንድ ድርጅት የአገሩን ሕግ፣ የራሱን ደንብና ለደንበኛው የገባውን ቃል መጠበቁን የሚከታተል ሙያ ነው።

በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አታት ነው፤ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ስሙ በሆስፒታሉ በሚታወቀው አካባቢ። በቢዝነስ ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሠላሳን ስሻገር ዘመዶቼ ከእኔ የጠበቁት ሁለት ነገር ነበር፦ ትዳርና የራሴ ሱቅ። ለሱቁ ብዬ እቁብ ስጥል ቆይቼ ነበር። ዕጣው ሲወጣልኝ ግን ገንዘቡን ለትምህርት ክፍያ አዋልኩት።

ይህ በቤታችን ቀላል ወሬ አልነበረም። የእቁቡ ዋሴ መርካቶ የሚነግዱት አጎቴ ናቸው፤ ስለዚህ የመጠየቅ ሙሉ መብት አላቸው። ለመስቀል አገር ቤት ተሰብስበን፣ ክትፎው ቀርቦ ሳለ፣ ዘመድ ሁሉ እየሰማ ጠየቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሌብነት ነውር መሆኑን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ብር የከፈልሽው? እሱንማ እናትሽ በነጻ አስተምራሽ የለም እንዴ?» ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር። እናንተም ሳትጠይቁኝ ልመልሰው።

ለምን ገባሁበት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት የበዓል ቅናሽ ማስታወቂያ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። «ታላቅ ቅናሽ» ይላል። ዋጋው ግን ከቅናሹ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከፍ ተደርጓል፤ ተቀነሰ የተባለው ተመልሶ የድሮው ዋጋ ነው። እንዲህ ብዬ አልጽፍም አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ማስታወቂያው በሌላ ሰው እጅ ተሠርቶ ወጣ፤ እኔ ደግሞ ለወራት ከስብሰባ ተረሳሁ።

ያን ጊዜ ያሳዘነኝ የቅናሹ ነገር ብቻ አይደለም። «ይህ ልክ አይደለም» ብዬ የማመለክትበት በር አለመኖሩ ነው። አቤቱታዬን የሚቀበለኝ ትእዛዙን የሰጠኝ ሰው ራሱ ነበር። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ አዋጁን የሚያስታውስ፣ ደፍሮ የሚናገረውን ሠራተኛም የሚከልል ክፍል ግን በድርጅቱ ውስጥ አልነበረም። ሐቀኛ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ሐቀኛው ሰው ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ሌላ ሙያ ነው። የተመዘገብኩት ይህን ሁለተኛውን ለመማር ነው።

ጨዋ ሰዎች ለምን ያጠፋሉ?

በክፍል ውስጥ በጣም የመሰጠኝ የዌልስ ፋርጎ ታሪክ ነው። ይህ ትልቅ የአሜሪካ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 የ185 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት። ምክንያቱ ሠራተኞቹ ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው ሂሳብ ሲከፍቱ መገኘታቸው ነበር። ወደ 5,300 የሚጠጉ ሠራተኞች ተባረዋል። ታዲያ 5,300 ሌባ በአንድ ባንክ እንዴት ተሰበሰበ? አልተሰበሰበም። ቅርንጫፎቹ በቀላሉ የማይደረስበት የሽያጭ ኮታ ተጭኖባቸው ነበር። እኔም በኮታ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ታሪኩ ሩቅ አልሆነብኝም።

ወደ አገራችን ስንመጣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መወሰዱን አስታወቀ። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ የሰው ገንዘብ ነውር ነው በሚባልበት ቤት ያደጉ ልጆች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። እናቶቻችን ያስተማሩን ትምህርት በዚያች ሌሊት አልጠፋም፤ በሩ ግን ክፍት ነበር፣ ጓደኛ ሁሉም ይሮጥ ነበር።

የአጎቴ እቁብ

ለአጎቴ መልስ የሰጠሁት በራሳቸው እቁብ ነው። «ጋሼ፣ እቁባችሁ ውስጥ ሌባ አለ?» አልኳቸው። «ምን ማለትሽ ነው! ሁሉም የተከበሩ ሰዎች ናቸው» አሉ። «ታዲያ ዕጣ የወጣለትን ሰው ዋስ ለምን ትጠይቁታላችሁ?» ጥቂት ዝም ብለው «ሰው እንዳይፈተን ነዋ!» አሉኝ።

የትምህርቴን ግማሽ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱልኝ። በእቁባቸው የሚጽፈውና ገንዘብ የሚይዘው ሰው የተለያዩ ናቸው። ዕጣው የሚወጣው ሁሉም እያየ ነው። የዘገየ ይቀጣል፤ ሰብሳቢው ራሳቸው ቢዘገዩም ይቀጣሉ። እናቴ በአታት ከጎረቤቶቿ ጋር የምትገባበት ውጆም እንዲሁ ነው፦ ሴቶቹ ወተታቸውን በየተራ ለአንዷ ያጠራቅሙና ለቅቤ ይበቃል፤ መለኪያው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ልዩነቱ እቁብተኞች ይተዋወቃሉ። የአክሲዮን ኩባንያ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች እቁብ ነው፤ ሺህ ሰው ገንዘቡን ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሥራ አስኪያጅ ይሰጣል። ዋሱ ሊሆን የሚችለው የተጻፈ ደንብና ደንቡን የሚከታተል ሰው ነው።

ሕጋችንም ወደዚሁ እየሄደ ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አልፎ የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግል ድርጅቶችንም ይመለከታል። ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን የሚጠብቅ አዋጅም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ እኛን የማርኬቲንግ ሰዎች በቀጥታ ይነካናል፤ ለዕጣ ብለን የሰበሰብነውን የደንበኛ ስልክ ቁጥር እንዳሻን ለሌላ አንሰጥም። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተመርቋል፤ የባንክ ዘርፉም ለውጭ ባንኮች በሕግ ተከፍቷል። ሙያው ተፈላጊ መሆኑ አይቀርም።

እናንተስ?

ልትማሩት ካሰባችሁ አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ሕግ ያልተማረ ሰው መጀመሪያ ላይ አዋጅ ማንበብ ይከብደዋል፤ ሕግ የተማረ የጥናት ጓደኛ ያዙ፣ እናንተ ደግሞ ሂሳቡንና ገበያውን አስረዱት። ቅዳሜና እሁድ ከእጃችሁ ይወጣል፤ ቤተሰባችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ለማዕረግ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይቅርባችሁ፤ ይህ ሙያ አለቃን «አይሆንም» ማለትን ይጠይቃል።

መማር የማትፈልጉም ብትሆኑ በምትሠሩበት ቦታ ሦስት ነገር ጠይቁ። ጥፋት ባይ ለማን ነው የምናገረው? ያ ሰው ከአጥፊው በታች ነው ወይስ ነጻ ነው? ደንቡ በዋና ሥራ አስኪያጁም ላይ ይሠራል? መልስ ካገኛችሁ ጥሩ ቤት ውስጥ ናችሁ። ካላገኛችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ አንድ ቅጂም ለራሳችሁ አስቀሩ።