በሳሪስ መንገድ ዳር ያለች ማዕድ

የቀደሙት ወላጆቻችን መንገድ ላይ ቆሞ መብላትን እንደ ነውር ይቈጥሩት ነበር። ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም። ምግብ የሚበላው እጅ ታጥበው፥ ታላቅ ሰው ባርኮት፥ ቤተ ሰብ ሁሉ መሶቡን ከቦ ነው እንጂ እየሄዱ የሚጐርሱት አይደለም ይሉ ነበር። ደግሞም አላፊ አግዳሚው ርቦት ይሆናልና በዐይኑ ፊት ብቻን መብላት ጭካኔ መስሎ ይታያቸው ነበር። እኛም በዚሁ ትምህርት ያደግን ነን። ይሁን እንጂ ዛሬ በሥራ ቀን ምሳችንን በመንገድ ዳር የምንበላ፥ በልተንም ደስ የሚለን ሰዎች መሆናችንን ለአንባቢዎቻችን ስንናገር አናፍርም።

እኛ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በሳሪስ አካባቢ በአንድ መጋዘን የምንሠራ አራት ባልንጀሮች ነን። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ከሚያነጋግረው ስልክ ነው፤ ዛሬ ግን ሰፈሩ የሚታወቀው በፋብሪካው፥ በጋራዡና ወደ ቃሊቲ በሚወርደው የጭነት መኪና ነው። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማው ቀላል ባቡር በመካከሉ ያልፋል። እንዲህ ባለ ሰፈር 6 ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይርበዋል። ቤቱ ጀሞ ወይም ለቡ የሆነ ሠራተኛ ሄዶ በልቶ ለመመለስ ጊዜው አይበቃውም፤ በየቀኑ ምግብ ቤት ለመግባትም ኪሱ አይችልም። ስለዚህ በአጥሩ ጥግ ከሰሏን አቀጣጥላ የምትጠብቀው ሴት የሰፈሩ ሁሉ ወጥ ቤት ሆናለች።

ከምትሸጠው ሁሉ የምናስበልጠው ሳምቡሳዋን ነው። ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሙያው ግን የእጇ ነው። ሊጡን እንደ ወረቀት አሳስታ ትዳምጠዋለች፤ በምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ ታሳርፈዋለች፤ በረጅሙ ቈርጣም በሦስት ማዕዘን ታጥፈዋለች። ውስጡን በተቀቀለ ምስር፥ በሽንኩርትና በቃሪያ ትሞላና አፉን በውሃ በተለወሰ ዱቄት ትደፍነዋለች። ትኩሱን ሲነክሱት ቅርፊቱ ይንኰሻኰሻል፥ ቃሪያውም አፍንጫ ድረስ ይወጣል። ከጐኗ አንድ ወጣት በጋሪ ላይ እርጥብ ይሸጣል፤ ዳቦውን ሰንጥቆ የተጠበሰ ድንች ይሞላበትና ዳጣውን ያፈስበታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የበቆሎ እሸት ጥብስ ይመጣል፤ ዝናቡ በጃንጥላው ላይ እየወረደ ትኩስ በቆሎ መፈልፈልን የሚያህል ደስታ ጥቂት ነው።

የዘይቱን ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ዘይት ብዙ ጊዜ ሲጠበስበት ይጠቍራል፥ ይጨሳል፥ አረፋም ያወጣል። እንዲህ ያለ ድስት ሲያዩ ያለ ይሉኝታ ማለፍ ነው፤ ሻጩ ዘመድ ቢሆንም እንኳ።

በሳሪስ የታዘብነው ዋና ነገር የጾሙ ነው። ረቡዕና ዓርብ፥ እንዲሁም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፥ የዚህ መንገድ ዳር ምግብ ያለ ምንም ለውጥ የጾም ምግብ ነው፤ ምስር፥ ድንች፥ ዘይት። ከእኛ መካከል አንዱ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፤ ድርሻው በወረቀት ተጠቅልሎ ከማንደጃው አጠገብ ይቀመጥለታል። ሻጯም እንደ እርሱ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ከጥዋት ጀምሮ በምግብ ሽታ መካከል ቆማ ለሰው ስትጠብስ አንዲት ፍሬ ምስር አትቀምስም፤ የጨውን ልክ የምታውቀው የመጀመሪያውን ገዢ ጠይቃ ነው። በሁዳዴ የቀትር ገበያዋ ይቀንሳል፤ የቤት ኪራይዋ ግን አይቀንስም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ቀን ሲገባ የረመዳን ጾምም በዚያው ሳምንት ገባ፤ ቀትሩም ጨርሶ ጭር አለ። እርሷ ግን ድስቷን በ9 ሰዓት ለእኛ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ለሙስሊም ጐረቤቶቿ ማፍጠሪያ ማፍላት ጀመረች፤ ያው ምስር ለሁለቱም ሆነ።

የወላጆቻችንን ነውር በሚመለከት ደግሞ እንዲህ እናደርጋለን። ከጀሪካኑ ውሃ እየተቀዳልን እጃችንን እንታጠባለን፤ በለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጠን በዕድሜ የሚበልጠን ይባርካል፤ የሚያልፈውንም «እንብላ» እንላለን። ብዙው «ይባርክላችሁ» ብሎ ያልፋል። አንዳንድ ቀን ግን አንዲት ሳምቡሳ ብቻ የገዛ የቀን ሠራተኛ እሺ ብሎ ይቀመጣል፤ እኛም ከቤት ያመጣነውን እንጀራ ወደ እርሱ እናስጠጋለን።

ከቤት ያመጣነውን ማለታችን ምሳ ዕቃችንን ስላልተውን ነው። በዚህ ነገር ከባልንጀሮቻችን የአንዱ ትዳር ጥቂት ታውኮ ነበር። ባለቤቱ ስለ ሳምቡሳው ደጋግሞ ሲያወራ ሰምታ፥ «ሌሊት ተነሥቼ የምሠራው ሽሮ ምን ጐደለው?» ብላ አዘነች። ሽሮው አንድም ቀን ሳይበላ አልተመለሰም፤ ከሁላችንም ምሳ ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው። ይህን ግን በቃል አላመነችም። አንድ ቅዳሜ ራሷ መጣችና ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች፤ አንዲት ሳምቡሳ በዝግታ በልታ፥ «ዝንጅብል ያንሰዋል» አለች። ሁለቱ ሴቶች ስለ ምስሩ አቀቃቀል ተነጋግረው ተነጋግረው እኛን ረሱን።

በሚቀጥለው ሰኞ የባልንጀራችን ምሳ ዕቃ ከወትሮው ከበድ ብሎ መጣ። ስንከፍተው ከሽሮው በላይ በሌላ ሳህን የተከደነ ድርሻ ነበረ፤ «የሻጯ ነው፥ እንዳትነኩት» ተብለናል አለ።