«አንቺስ እንዴት ነሽ?»

ዛሬ ስለ እኛ ቤት ልጽፍላችሁ ነው።

ታናሽ ወንድሜ 9 ዓመቱ ነው። አምና ውኃ ጠጥቶ አልጠግብ አለ፤ ሌሊት ለሽንት ይመላለሳል፤ እየከሳም ሄደ። አንድ ቀን ራሱን ስቶ ሐኪም ቤት ሲወሰድ የስኳር ሕመም ነው ተባለ። ልጆችን በብዛት የሚይዘው ዓይነት 1 የሚባለው ሲሆን፣ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም ይመጣል። ከረሜላ በመብላት አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ ወንድሜ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል።

ሰው ግን እማዬን «ጣፋጭ አብዝተሽበት ነው» አላት። «ይሄ የትልቅ ሰው በሽታ አይደል እንዴ?» ያሉም አሉ። እሷ ምንም አትመልስም፤ ማታ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ሌሊት እየተነሳች ግንባሩን ትዳብሳለች፤ ካላበው ስኳሩ ወርዶ ይሆናላ። ጎረቤት ቡና መጠጣትም ለቅሶ መድረስም ተወች።

እኔስ? እውነቱን ልናገርና ቀናሁበት። የሚጠየቀው እሱ ብቻ ነው። ከክፍሌ 3ኛ ስወጣ እንኳ ካርዴን ያየልኝ የለም። አንድ ቀን «ምነው እኔም በታመምኩ!» አልኳት። እማዬ ዝም ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ጀበናቸውን ይዘው መጡ። «አንቺ ካልመጣሽ ቡናው ይመጣል» አሉ። ምክር አላበዙም። «እስቲ መርፌውን እንዴት እንደምትወጊው አሳዪኝ» ነው ያሉት። ከዚያ ጤና ጣቢያ አብረዋት ሄደው ነርሷ በደንብ አሳየቻቸው። አሁን እማዬ ለቅሶ ስትሄድ የሚወጉት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ «እኔ አለሁ፣ ጋደም በይ» ያሏት ቀን፣ እማዬ ከምሳ በኋላ ተኝታ እስኪመሽ አልነቃችም።

እኔንም «አንቺስ እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። መመለስ አቅቶኝ አለቀስኩ። ማታ እማዬን ይቅርታ ስጠይቃት «እኔም ካርድሽን ሳላይልሽ ቀረሁ፤ በይ አምጪው» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ የስኳር ሕመም ያለበት ጓደኛችሁ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲያልበው ብታዩ አትሳቁ። ቶሎ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ አጠጡትና መምህር ጥሩ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ። ቤቱ ስትሄዱም እሱን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። እናቱንም እህቱንም «አንቺስ?» በሏቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ!


ከ7ኛ «ለ» ክፍል