ሦስተኛው ቀን

ጥርስ ሲነቀል ጣጣው አብሮ የሚነቀል ይመስላል። የለም! እኛ ሁለት የአንድ ዶርም ልጆች በአንድ ሳምንት የመንጋጋ ጥርሳችንን አስነቅለን ያየነው ሌላ ነው። ማደንዘዣው እስኪለቅ ጀግኖች ነበርን፤ ማታ ትራሱ እሾህ ሆነ። በማግስቱ ጉንጫችን አበጠ፤ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ድፎ ዳቦ አከለ። «መርቅዟል፤ አረቄ ተጉመጥመጡበት» የሚለን በዛ። ፈራን። ፈተና ደርሷል፣ ቤተሰብ ሩቅ ነው።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ድረስ ይጨምራል፣ ከዚያ ይጎድላል። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው፤ በኃይል ከተፉ፣ ሲጋራ ከሳቡ ወይም በምላስ ከጎረጎሩት ይነሳና አጥንቱ ይራቆታል። የባሰው ሕመም ያኔ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ጉንጭ ላይ መያዝ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ፤ ለምግቡ ለብ ያለ አጥሚት። ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ካቃተ ወይም ከሦስተኛው ቀን ወዲያ ሕመሙ ከባሰ ግን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

በአራተኛው ቀን ጉንጫችን ጎደለ። ክርክር የማይሰለቸን ልጆች ያን ሁሉ ቀን ዝም ብለን የሰው ስንሰማ ሰነበትን፤ እሱም አልጎዳንም። ወገኖች፣ የምትነቀሉ ካላችሁ ምላሳችሁን ሰብሰብ አድርጉ!